ከሚዛን ደብተር እስከ ዳሽቦርድ፦ የቡና አቅራቢ ድርጅት በሪፖርት እንዴት ይወስን

ጅማ ላይ ተቀምጦ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከጌራ ወይም ከሰቃ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ የቡና ፍሬ፣ የሚገዛ፣ አስፈልፍሎም የሚያቀርብ ድርጅት በቡና ወቅት በየማለዳው ሦስት ጥያቄ ይጠብቀዋል። ዛሬ ጀንፈሉን በስንት እንግዛ? መጋዘን ያለውን እንሽጥ ወይስ እናቆየው? ለየትኛው ሰብሳቢ (ከገበሬው እየገዛ ለሚያመጣልን) ቅድሚያ ብር እንስጥ? ሪፖርት የሚያስፈልገው እነዚህን ለመመለስ ነው። ብዙዎች ግን ሒሳብ ሠራተኛው ወሩ ካለቀ በኋላ ፒችትሪ ከሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም አትሞ የሚያመጣውን የትርፍና ኪሳራ ወረቀት ይዘው ይወስናሉ። ወረቀቱ ለግብርም ለባንክም የግድ ነው። ችግሩ የጥቅምቱን ግዢ በኅዳር አጋማሽ ማሳየቱ ነው፤ ያኔ የጥቅምቱ ቡና ከተገዛ፣ ብሩም ከወጣ ቆይቷል።

ስለዚህ ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ በየቀኑና በየሳምንቱ የምትወስኑትን ጻፉ። ከእያንዳንዱ ውሳኔ አጠገብ ደግሞ “ይህን ለመወሰን የትኛውን ቁጥር ማወቅ አለብኝ? ቁጥሩ ስንት ሲሆን ሐሳቤን እለውጣለሁ?” ብላችሁ ጠይቁ። ቢጨምርም ቢቀንስም የማታደርጉበት ነገር ከሌለ ያ ቁጥር ዳሽቦርድ ላይ (ቁልፍ ቁጥሮች በአንድ እይታ በሚታዩበት ገጽ) ቦታ የለውም። ለአንድ መካከለኛ አቅራቢ ከአምስት በላይ ቁጥር አያስፈልገውም።

መዝገቡ

ዳሽቦርድ የሚበላሸው ግራፉ ላይ አይደለም፤ ሚዛኑ ሥር ነው። በየግዢ ጣቢያው አንድ ግዢ አንድ መስመር ሆኖ ይመዝገብ፦ ቀን፣ ጣቢያ፣ የሻጩ ወይም የሰብሳቢው መለያ ቁጥር፣ የቡናው ዓይነት፣ ጠቅላላ ክብደት፣ የጆንያ ብዛት፣ የጆንያ ክብደት፣ የተጣራ ክብደት፣ የኪሎ ዋጋ፣ የተከፈለ ብር፣ የሎት (አብሮ የሚፈለፈለው ክምር) ቁጥር። ከሁሉም የሎት ቁጥሩ እንዳይዘለል፤ እሱ ከሌለ የተፈለፈለው ቡና ከየትኛው ግዢ እንደመጣ ማወቅ አይቻልም፤ ከዚህ በታች ያለው ስሌትም ሁሉ ይወድቃል።

የጆንያን ክብደት በግምት አትሙሉ። አሥር ባዶ ጆንያ በአንድነት መዝናችሁ ለአሥር አካፍሉ፤ ጆንያው በተቀየረ ቁጥርም ድገሙት። በአንድ ጆንያ ግማሽ ኪሎ ብትሳሳቱ በ200 ጆንያ አንድ ሙሉ ኩንታል ነው፤ ኪሎው 150 ብር ቢሆን 15,000 ብር። ሚዛኑንም ጠዋት ጠዋት በሚታወቅ ክብደት፣ ለምሳሌ በ20 ኪሎ የሚዛን ድንጋይ፣ ፈትሹና የወጣውን ቁጥር ደብተሩ ራስ ላይ ጻፉት።

መለኪያው አንድ ይሁን። ጀንፈል በኪሎ ይገዛል፣ ጭነት በኩንታል ይነገራል፣ የምርት ገበያው ዋጋ በፈረሱላ ይወጣል፣ የኒውዮርክ ቡና ገበያ ዋጋ ደግሞ በአንድ ፓውንድ ስንት የአሜሪካ ሳንቲም ተብሎ ይነበባል። መዝገቡ ላይ ሁሉም በኪሎ ይግባ፤ ወደ ፈረሱላ የሚለወጠው ዳሽቦርዱ ላይ ብቻ ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ፣ ወይም 37.48 ፓውንድ ያህል ነው። ኒውዮርክ 300 ሳንቲም ሲል በፈረሱላ 112 ዶላር ከ44 ሳንቲም ገደማ ማለት ነው።

በአማርኛ መዝገብ ለሚይዝ ሰው የተለየ ወጥመድ አለ። ኤክሴል “ሰቃ” እና “ሠቃ”፣ “ሐምሌ” እና “ሃምሌ” ለእኛ አንድ ቃል መሆናቸውን አያውቅም። አንዱ ጸሐፊ በ“ሰ” ሌላው በ“ሠ” ከጻፈ ሪፖርቱ ላይ ሁለት ጣቢያ ይወጣል፤ የሁለቱም ግዢ አንሶ ይታያል። ከቃሉ በኋላ የቀረች አንዲት ክፍት ቦታም እንዲሁ ታደርጋለች። መፍትሔው የጣቢያውን፣ የቡናውን ዓይነትና የሰብሳቢውን መለያ ከተዘጋጀ ዝርዝር ብቻ እንዲመረጥ ማድረግ ነው፤ በኤክሴል ዴታ ቫሊዴሽን በሚባለው። በእጅ መጻፍ ይከልከል።

ቀኑ

ኤክሴል የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። 22/11/2016 ብላችሁ ስታስገቡ እናንተ ሐምሌ 22 ማለታችሁ ነው፤ እሱ ቀንን አስቀድሞ እንዲያነብ ከተስተካከለ የፈረንጆቹን ኖቬምበር 22 ይይዛል። ጥቅምት 30ን 30/2/2016 ብትሉት ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ዝም ብሎ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል፤ በቀን ስትደምሩ ያ ግዢ ከድምሩ ውጭ ይቀራል። ማንም አያስተውለውም፤ የስህተቱ ክፋትም እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ዓመት፣ ወርና ቀን ሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይሁኑ፤ ሦስቱም ተራ ቁጥር ናቸው፤ ጳጉሜን 13 ትባላለች። በቅደም ተከተል ለመደርደር አራተኛ ዓምድ ጨምሩ፦ ዓመቱን በ10000፣ ወሩን በ100 አባዙና ቀኑን ደምሩበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ያኔ 20161122 ይሆናል። በሁለት ቀኖች መካከል ስንት ቀን እንዳለ ለማወቅ ደግሞ አምስተኛ ዓምድ ይኑር፦ ዓመቱ በ365 ተባዝቶ፣ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል የሚወጣው ሙሉ ቁጥር ተደምሮ፣ ከወሩ 1 ተቀንሶ በ30 ተባዝቶ፣ በመጨረሻ ቀኑ ይደመራል። የአንዱን ቀን ውጤት ከሌላው መቀነስ ብቻ ነው የሚቀረው፤ ጳጉሜን 6 የምትሆንበትንም ዓመት በትክክል ይይዛል። አሥራ ሁለቱ ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን መሆናቸው እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ቡናው ስንት ቀን መጋዘን ተቀመጠ፣ ቅድሚያው ስንት ቀን ሰብሳቢው እጅ ቆየ የሚለው ሁሉ ከዚህ ዓምድ ይወጣል።

የፈረሱላው እውነተኛ ዋጋ

ከአንድ በላይ ቁጥር ለመከታተል አቅም የሌለው ድርጅት ይህን አንዱን ይያዝ፦ መጋዘን ያለው ንጹህ (የተፈለፈለ) ቡና አንዱ ፈረሱላ በእውነት ስንት ብር አስወጣን? ብዙ ሰው የገዛበትን ዋጋ በሁለት አባዝቶ፣ ጥቂት የጉልበት ወጪ ጨምሮ ይገምታል። ግምቱ የተመሠረተው ከሁለት ኪሎ ጀንፈል አንድ ኪሎ ንጹህ ቡና ይወጣል በሚለው ላይ ነው። እንደ ልማድ መጥፎ አይደለም፤ እንደ ሒሳብ ግን አደገኛ ነው። በምሳሌ እንየው፤ ዋጋዎቹ ስሌቱን ለማሳየት የተመረጡ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

100 ኩንታል ጀንፈል በኪሎ 150 ብር ተገዛ፤ 1,500,000 ብር። ማውረጃና መጫኛ 12,000፣ ትራንስፖርት 40,000፣ ማስፈልፈያ 25,000፣ ጆንያ 8,000 ብር ወጣ። የጀንፈሉ መግዣ ገንዘብ የባንክ ብድር ሆኖ በዓመት 18 በመቶ ወለድ ለ60 ቀን ቢታሰብ 44,400 ብር ያህል ይጨመራል። ጠቅላላው 1,629,400 ብር።

ከጀንፈሉ 50 በመቶ፣ ማለትም 5,000 ኪሎ ንጹህ ቡና ከወጣ ኪሎው 325.88፣ ፈረሱላው 5,540 ብር ወጥቶበታል። 47 በመቶ፣ ማለትም 4,700 ኪሎ ብቻ ከወጣ ግን ያው ፈረሱላ 5,894 ብር ነው። ገበያው 5,700 ቢሰጥ በመጀመሪያው በፈረሱላ 160 ብር ይተርፋል፤ በሁለተኛው 194 ብር ይከስራል። የግዢ ዋጋው አንድ፣ ወጪው አንድ፣ ቡናው ብቻ ተለየ። ሦስት በመቶ የምትመስለው ልዩነት ትርፉን አልፋ ወደ ኪሳራ ወስዳዋለች።

የፍልፈላ ውጤት፣ ማለትም ከጀንፈሉ የሚወጣው ንጹህ ቡና በመቶኛ፣ ዝቅ የሚለው በብዙ ምክንያት ነው፤ ሳይበስል የተለቀመ ፍሬ፣ በደንብ ያልደረቀ ጀንፈል፣ በነፍሳት የተበላ ፍሬ፣ የተደባለቀ ባዕድ ነገር፣ ያልተስተካከለ መፈልፈያ ፍሬውን ከገለባው ጋር ሲጥል። ዳሽቦርዱ ምክንያቱን አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ የት እንደተከሰተ ነው። ስለዚህ ውጤቱን በጣቢያ፣ በሰብሳቢና በመፈልፈያ ለይታችሁ አሳዩ። ከአንድ ሰብሳቢ የመጣው ብቻ ዝቅ ካለ ጥያቄው ለእሱ ነው። በአንድ መፈልፈያ ያለፈው ሁሉ ዝቅ ካለ ግን ሰብሳቢዎቹን ከመውቀስ በፊት ከማሽኑ የሚወጣውን ገለባ በእጅ ዘግኖ ማየት ነው።

ከዚያው ስሌት የዕለቱ የመግዣ ጣሪያ ይወጣል፤ ለገዢው በየማለዳው የሚነገረው ቁጥር ይህ ነው። የሚሸጥበትን የኪሎ ዋጋ ያዙ፤ በአንድ ኪሎ ንጹህ ቡና የሚወጣውን ሌላ ወጪና የምትፈልጉትን ትርፍ ቀንሱ፤ የቀረውን በፍልፈላ ውጤቱ አባዙ። በምሳሌያችን 5,700 ለ17 ሲካፈል 335.29 ብር ነው። ወጪው 25.88፣ ሦስት በመቶ ትርፉ 10.06 ሲቀነስ 299.35 ይቀራል፤ በ0.50 ሲባዛ ጣሪያው በኪሎ 149.70 ብር ገደማ ነው። ውጤቱ 47 በመቶ ለሆነ ጀንፈል ወጪው ወደ 27.53 ስለሚወጣ ጣሪያው ወደ 139.90 ይወርዳል። ለሁለቱም 150 የሚከፍል ገዢ የተሸነፈው ሚዛኑ አጠገብ እያለ ነው።

ውጤቱን ሳይገዙ ለማወቅ ናሙና መፈልፈል ነው። ከበርካታ ጆንያ፣ ከላይም ከመካከልም ከሥርም፣ እየወሰዳችሁ ቀላቅሉ፤ ከውሁዱ 1,000 ግራም መዝናችሁ በእጅ ወይም በናሙና መፈልፈያ አስለቅቁና ንጹሁን መዝኑ። 470 ግራም ከወጣ 47 በመቶ ነው። ከአንድ ጆንያ አፍ ብቻ የተዘገነ ናሙና ሻጩ ሊያሳያችሁ የወደደውን እንጂ ቡናውን አያሳይም።

የጎደለው ቡና የት ሄደ?

ደብተሩ 10,000 ኪሎ ንጹህ ቡና ይላል፤ ለመጫን ሲመዘን 9,830 ኪሎ ሆነ። 170 ኪሎ፣ አሥር ፈረሱላ ጎደለ። መጋዘን ያዡ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ደጋግሞ ይደምራል፤ ሥራ አስኪያጁ ፊቱን አጥቁሯል። ክብደት ብቻ የሚጽፍ ሪፖርት እዚህ ላይ ንጹህ ሰው ያስጠረጥራል።

እርጥበቱ ቢመዘገብ ኖሮ ነገሩ ግልጽ ነበር። ቡናው ሲገባ 13 በመቶ፣ ሲወጣ 11.5 በመቶ ቢሆን፣ ከውሃው ውጭ ያለው አካሉ 8,700 ኪሎ ሆኖ አልተለወጠም። 8,700ን ለ0.885 ስታካፍሉ 9,830 ይመጣል። የጠፋው ውሃ ነው። ስሌቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የገባው ክብደት ሲባዛ ከ1 የገባበት እርጥበት ተቀንሶ፣ ሲካፈል ከ1 የወጣበት እርጥበት ተቀንሶ። በተመሳሳይ እርጥበት 9,830 መሆን ሲገባው 9,700 ቢመዘን ግን 130 ኪሎው በውሃ አይመካኝም፤ ያኔ መጠየቅ ተገቢ ነው። መጋዘን ያዡንም ድርጅቱንም የሚጠብቀው ይህ አንድ የእርጥበት ዓምድ ስለሆነ በፍጹም ባዶ አይታለፍ።

የእርጥበት መለኪያው ለተፈለፈለ ቡና መስተካከሉን አረጋግጡ፤ የጀንፈልን እርጥበት ለማወቅ ናሙናውን ፈልፍሎ ፍሬውን መለካት ይሻላል። ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ያዙ። ለኤክስፖርት የሚፈለገው 11.5 በመቶና ከዚያ በታች ነው። እርጥበቱ ከዚህ በብዙ ከፍ ብሎ የተከማቸ ቡና ሻጋታ ያሰጋዋል፤ በጅማ አየር፣ ዝናብ ወደ ጥቅምት በሚዘልቅበት ዓመት፣ ይህ በየሳምንቱ የሚታይ ቁጥር መሆን አለበት። የፍልፈላ ውጤት ስታወዳድሩም በተመሳሳይ እርጥበት ይሁን፤ እርጥብ ቡና ብዙ የወጣ ያስመስላል።

ገጹ

ዳሽቦርዱ በስልክ የሚነበብ አንድ ገጽ ይሁን። አምስት ሳጥን ይበቃል፦

• በየመጋዘኑ ያለ ክምችት፣ ከእርጥበቱና ከተቀመጠበት ቀን ብዛት ጋር
• የፈረሱላው እውነተኛ ዋጋ፣ ከዛሬው የመሸጫ ዋጋ ጎን
• የፍልፈላ ውጤት በጣቢያ፣ የመጨረሻዎቹ አሥር ሎቶች
• ሰብሳቢዎች እጅ ያለ ቅድሚያ ብር፣ በቆየበት ቀን ተከፋፍሎ
• በእጅና በባንክ ያለ ጥሬ ገንዘብ፣ በሚቀጥሉት 14 ቀናት ከሚከፈለው ጋር

በእያንዳንዱ ሳጥን ሥር ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ቁጥሩ መቼ እንደታደሰ፣ ገደቡ ስንት እንደሆነ፣ ገደቡ ሲታለፍ ማን ምን እንደሚያደርግ። ለምሳሌ በቅድሚያው ሳጥን፦ “15 ቀን ያለፈው ቅድሚያ ካለበት አዲስ አይሰጠውም፤ 30 ቀን ካለፈ የግዢ ኃላፊው በአካል ሄዶ ያለውን ቡና ይመዝናል።” ገደቡን ወቅቱ ሳይጀምር ተስማሙበት። በኅዳር፣ ገበያው ሲጦፍ፣ ሰብሳቢውም የሩቅ ዘመድ ሲሆን፣ አዲስ ደንብ ማውጣት ከባድ ነው።

መሸጥ ወይስ ማቆየት የሚለውን ሁለተኛው ሳጥን ይመልሳል፤ የመቆያ ወጪ የሚል መስመር ከተጨመረበት። በዓመት 18 በመቶ ወለድ በወር 1.5 በመቶ ነው፤ ለ5,540 ብር ፈረሱላ 83 ብር። የመጋዘን ኪራይና ጥበቃ 20 ብር ቢሆን፣ አንድ ወር ለማቆየት ዋጋው ቢያንስ 103 ብር መጨመር አለበት፤ ከእርጥበት የሚቀነሰው ክብደት ሳይቆጠር ማለት ነው። “ዋጋ ይጨምራል” የሚል ሰው በዚህ መስመር ፊት “በስንት? እስከ መቼ?” ተብሎ ይጠየቅ። የራሳችሁ ገንዘብ ቢሆንም ወለዱን አስቡት፤ የታሰረ ብር ሌላ ግዢ አያደርግም።

ስለ መሣሪያው ብዙ አትጨነቁ። አንድ አቅራቢ በዓመት የሚመዘግበው መስመር ለኤክሴል ምንም አይደለም፤ በአንድ ገጽ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መስመር ይይዛል። መዝገብ በአንድ ገጽ፣ ዝርዝሮች በሌላ፣ ፒቮት ቴብሎቹ (መዝገቡን የሚደምሩት ሠንጠረዦች) በሦስተኛ፣ ዳሽቦርዱ በአራተኛ። ኔትወርክ የሚያስተማምንበት ጣቢያ ካለ ጉግል ሺት ይሠራል። ፓወር ቢአይ የሚባለው የሪፖርት ፕሮግራም የሚያስፈልገው የሒሳብ፣ የመጋዘንና የግዢ ፋይሎችን በአንድ ላይ ለማንበብ ስትፈልጉ ነው፤ መዝገባቸው ሳይስተካከል ወደ እሱ የሚሮጡ ስህተቱን ያሳምሩታል እንጂ አያርሙትም።

መብራትም ኔትወርክም ይጠፋል። ስለዚህ ዋናው ሰነድ በካርቦን የሚጻፈው የሚዛን ደብተር ይሁን። ጣቢያው በየቀኑ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስቶ ድምሩን ጽፎ በቴሌግራም ይላክ፤ ጅማ ያለው ጸሐፊ ያስገባል፤ የእሱ ድምር ከጣቢያው ድምር ጋር አንድ እስኪሆን ድረስ ቀኑ አይዘጋም። መስመር መሰረዝ አይፈቀድ፤ የተሳሳተ ግዢ በሌላ መስመር በተቀናሽ ይታረማል፤ ማን እንዳረመውም ይጻፋል።

አሳሳች ንባቦች

አማካይ ላይ ተጠንቀቁ። አንዱ ጣቢያ 80 ኩንታል ልኮ 51 በመቶ፣ ሌላው 20 ኩንታል ልኮ 44 በመቶ ቢወጣ፣ ሁለቱን መቶኛ ደምሮ ለሁለት ማካፈል 47.5 ይሰጣል፤ እውነቱ 49.6 ነው። ሁልጊዜ የወጣውን ንጹህ ቡና ድምር ለገባው ጀንፈል ድምር አካፍሉ። ከዚያም አማካዩን አልፋችሁ ጣቢያ በጣቢያ እዩ፤ 49.6 ደኅና ስለመሰለ 44ቱ እንዳይደበቅ።

ዓመትን ከዓመት በብር አታወዳድሩ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብሩ ቁጥር ሁሉ ተለውጧል፤ ሽያጭ በእጥፍ አደገ የሚል ግራፍ የቡናው መጠን ቀንሶም ሊወጣ ይችላል። ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ ያለውን በፈረሱላ ብዛትና በትርፍ መቶኛ አወዳድሩ።

ወርንም ከወር ስታወዳድሩ የአምስት ወይም የስድስት ቀኗን ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ደምሯት፤ ብቻዋን ከቆመች ግራፉ ላይ ገደል ትሆናለች። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ቢሆንም ለውሳኔ የሚሆነው ንጽጽር ከመስከረም የሚጀምረው የቡናው ወቅት ነው።

ሳምንታዊው ስብሰባ

ሰኞ ጠዋት ከ2፡30 እስከ 3 ሰዓት፤ የግዢ ኃላፊው፣ መጋዘን ያዡ፣ ሒሳብ ሠራተኛዋና ሥራ አስኪያጁ። ገጹ እሑድ ማታ ይላክ፤ ስብሰባው ላይ ቁጥር አይነበብም። የሚታየው ገደቡን ያለፈው ሳጥን ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ውሳኔ፣ አንድ ኃላፊ፣ አንድ ቀን በደብተር ይጻፋል፤ የሚቀጥለው ሰኞ ስብሰባው ከዚያ ይጀምራል። ሦስት ወር ሙሉ ማንም ያልወሰነበት ሳጥን ካለ አውጡት፤ ቦታውን ለሌላ ይልቀቅ።

በወሩ የመጨረሻ ቀን ደግሞ ቆጠራ አለ። መጋዘን ያዡና ከመጋዘን ውጭ ያለ አንድ ሰው ጆንያውን ቆጥረው፣ ከየአሥሩ አንዱን መዝነው፣ እርጥበቱን ለክተው ከመዝገቡ ጋር ያገናኛሉ፦ የመነሻ ክምችት፣ ሲደመር የገባ፣ ሲቀነስ የወጣ፣ ሲቀነስ በእርጥበት የቀነሰ። ልዩነቱ ለዚያ የተለየ መስመር ላይ ይጻፍ፤ መዝገቡን ከቆጠራው ጋር እንዲገጥም መነካካት ክልክል ነው። የዚያ ወር ፋይል ተቀድቶ በፍላሽ ይቀመጣል፤ አዲሱ ወር በተቆጠረው ክብደት ይከፈታል።